ካውያና ረጃጅሞቹ ቲማቲሞች

ካውያ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ስሙን የሰጡት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቹ ናቸው፤ እሱም ሳይከፋው ተቀበለ። ከጎረምሳነቱ እስከ ጡረታው ድረስ የሠራው እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው። አንሶላ ይተኩሳል፣ የትራስ ልብስ ይተኩሳል፣ የአስተናጋጆችን ነጭ ሸሚዝ ይተኩሳል። ላይ ቤት እንግዶች ቀዝቃዛ መጠጥ ይዘው ስለ ከተማው ሙቀት ሲያማርሩ፣ እሱ ከእግራቸው ሥር በእንፋሎት ውስጥ ቆሞ ያፏጫል። "ሙቀት ማለት ውጭ ያለው ነው እንዴ?" ይል ነበር፤ "እስቲ ወደ እኛ ውረዱ።"

ከተማው በእርግጥም ሞቃት ነው። ደረቅ ሙቀት ቢሆን ማን በጠላ፤ ወበቅ ነው። ጠዋት የለበሱት ሸሚዝ ቁርስ ሳይበላ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። ጨው በዕቃው ውስጥ እንዳለ ይጋገራል። ቁም ሣጥን ከፍቶ ጫማውን ሻጋታ ለብሶ ያላገኘ የከተማው ነዋሪ የለም።

ሚስቱን ያገኛትም እዚያው ምድር ቤት ነው። የተቀደደ አንሶላና መጋረጃ የምትጠግን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ማሽኗ ከእሱ መተኮሻ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ለረጅም ጊዜ በመካከላቸው የነበረው ጨዋታ "ይሄ ተቀዷል" እና "እሺ፣ እዚያ አስቀምጠው" ብቻ ነበር። ከዚያ ከእሱ ጠረጴዛ ወደ እሷ የሚመጣው የተቀደደ አንሶላ እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን አንዱን ወደ አምፖሉ አስጠግታ አየችው። ቀዳዳው እንደ መስመር ቀጥ ያለ ነው።

"ይሄን ምን ቀደደው?" አለችው።

"ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ መቀስ ይዞ ነው?"

ካውያ ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም አንሶላውን ጠግና በሥርዓት አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። በዓመቱ ተጋቡ።

ሁለት ሴት ልጆች አሳድገው ዳሩ። ከሆቴሉ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከኋላው ጓሮ ያለው ትንሽ ቤት ገዙ። ሚስቱ ከሆቴሉ ቀድማ ወጥታ በረንዳው ላይ ማሽኗን ተከለችና የሰፈሩን ቀሚስና ሱሪ መስፋት ያዘች። እሱ ግን ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ ግራ ገባው። እጁ ሥራ ፈትቶ አያውቅማ። መጀመሪያ ሸሚዞቹን ተኮሰ። ቀጥሎ መጋረጃውን፣ ከዚያ የዕቃ መጥረጊያውን ጨርቅ ተኮሰ። አንድ ማለዳ ሚስቱ የመሐረቦቹን ክምር ጨርሶ ካልሲ ሲተኩስ አገኘችው።

"ስማ" አለችው፣ "ወይ አንተ ከዚህ ቤት ትወጣለህ፣ ወይ ካውያው ይወጣል።"

የሚስቱ አክስት የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። አክስት የሚኖሩት ከፍ ባለ፣ ነፋሻማ አገር ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ግቢያቸውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ፣ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊገቡ ነው። ከመግባታቸው በፊት ዘመድ ሊጠይቁ ዞር ዞር እያሉ ነበር። ገና ሶፋው ላይ ከመቀመጣቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና በትንሽ ብጣሽ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጡ።

"ይሄ የእናቴ ቲማቲም ነው" አሉ። "የእናቴ እናትም ስትዘራው አስታውሳለሁ። ክብ አይደለም፤ እንደ ቃሪያ ረዘም ብሎ ጫፉ ሾል ያለ ነው። ሥጋ ብቻ ነው፣ ውሃ የለውም፤ ፍሬውም ጥቂት ነው። ስጎ ብትሠሪበት እስኪመጥልሽ ምድጃ ላይ አትጠብቂም። የቆርቆሮ ድልህ የሚባል ነገር እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም።"

ሚስቱ ቋጠሮውን ተቀበለችና አመሰገነች። አክስት ግን ቀጠሉ፦

"እናንተ አገር እንደማይሆን አውቃለሁ። እዚያ ፎቅ ላይ ግን የት እተክለዋለሁ? ለልጄ ልስጠው ብል የሚያውቀው ቲማቲም የሱቅ ነው። የምሰጠው ሰው አጣሁ።"

"እኛ አገር ለምን አይሆንም?" አለ ካውያ።

"የኔ ልጅ፣ እኔ ራሴ ከአውቶቡስ ከወረድኩ ጀምሮ እየቀለጥኩ ነው፤ እንኳን ቲማቲም።"

ካውያን የነካው ይሄ ንግግር ነው። ዕድሜውን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆሞ የሠራ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሙቀት አይችልም ሲባል በእሱ የመጣ ይመስለዋል። ቋጠሮውን ከሚስቱ እጅ ወሰደ። "አሳይዎታለሁ" አላቸው።

አክስት እንደሄዱ፣ ሳይውል ሳያድር ጓሮውን ቆፈረ። ወሩ የከተማው ሙቀት አናት ላይ የሚወጣበት ነበር። ጊዜው የቲማቲም እንዳልሆነ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ቢነግሩትም የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ዘሩ በቀለ። ችግኙ እንደ እልኸኛ ልጅ ተመዘዘ፤ ወገቡን አልፎ ደረቱ ጋ ደረሰ። ቢጫ አበባ በላዩ ላይ ፈሰሰ። ካውያ በየማለዳው ሻዩን ይዞ ይወጣና በአበቦቹ መካከል እንደ ባለ ርስት ይንጎራደዳል።

ከዚያ አበባው መርገፍ ጀመረ። ጠዋት የፈነዳው ከሰዓት መሬት ላይ ነው። አንድም ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። ካውያ መጥረጊያ ይዞ ቢጫ አበባ ሲጠርግ ጎረቤቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ይሄ ጎረቤት ዕድሜውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መንገዱ ባዶ ቢሆንም ጡሩምባ ሳይነፋ ስለማያልፍ ሰፈሩ ጡሩምባ ብሎ ጠርቶት ቀርቷል። ሳቁም ለስሙ የሚገባ ነው።

"ጎረቤት፣ የምትተክለው ለሠርግ አዳራሽ ነው እንዴ?"

"ቲማቲም ነው።"

"እህ፣ የሚሸተት ቲማቲም መሆኑ ነዋ።"

የጡሩምባ ጓሮ በደበርጃን የተሞላ ነው። ሙቀቱም ዝናቡም ምንም አያደርገው፤ ሐምራዊ ሆኖ፣ አብረቅርቆ፣ ተንጠልጥሎ ይታያል። ካውያ ደበርጃን አይወድም። ተናዶም ነበርና "የአንተ ደግሞ የሚያፈራው ማንም ስለማይበላው ነው" አለው። ጡሩምባ ሳቁን አቋርጦ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ በአጥሩ ላይ ሰላምታ እንጂ ጨዋታ ቀረ።

ሁለተኛው ሙከራ በዝናቡ ወቅት ሆነ፣ ያም የባሰ መጣ። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ነጠብጣብ እያወጣ፣ ቢጫ እየሆነ፣ ሕመሙም ወደ ላይ እየወጣ ሄደ። ዝናቡ በጣለ ቁጥር ጭቃው ይረጫል፤ ጭቃው የነካው ቅጠል በሳምንቱ የለም። ካውያ ተክሎቹን በእጁ ገልጦ ሲያይ መሀል ለመሀል የታመቀ እርጥበት ፊቱን መታው። ሽታውን ያውቀዋል። ሳይደርቅ ተደራርቦ የተቀመጠ አንሶላ ሽታ ነው።

"አንቺ" ብሎ ተጣራ፣ "ይሄ ነገር እኮ አየር አላገኘም።"

"ታዲያ አስጣው" አለች ሚስቱ ከበረንዳው፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ለቀልድ ነበር ያለችው፤ እሱ ግን ቃል በቃል ወሰደው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል እንደገና ዘራ። አሁን ተክሎቹን እንደ ተሰጣ አንሶላ አራራቃቸው። ለእያንዳንዳቸው ረጅም እንጨት ተክሎ ቀጥ አድርጎ አሰረ። መሬት የሚነካውን ቅጠል በሙሉ ቆርጦ ጣለ። ጭቃው እንዳይረጭ ከሥራቸው ደረቅ ሳር ጎዘጎዘ። ውሃም የሚያጠጣው ማለዳ፣ ከሥር ከሥሩ ብቻ ሆነ። የአበባቸው ጊዜ የዋለው ደግሞ ሌሊቱ በረድ በሚልበት፣ ሰዉ አንሶላ ደርቦ መተኛት በሚጀምርበት ሰሞን ነው።

አበባው ግን አሁንም ያመነታ ነበር። ካውያ አንዱን ቀጥፎ ፈለፈለው። ውስጡ ያለው ብናኝ በእርጥበቱ ምክንያት እንደ እርጥብ ዱቄት ተጣብቋል። አስቦ አስቦ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባና በባትሪ የሚሠራውን የጢም መላጫውን ይዞ ወጣ። አስነሥቶ በአበባው አንገት ላይ ቀስ አድርጎ አስነካው። መላጫው ሲነዝር ቢጫ ብናኝ ቡን አለ።

ሚስቱ ጨርቅ በእጇ እንደያዘች በኩሽናው በር ቆማ ታየው ነበር። "ምን እያረግክ ነው?"

"እያነቃኋቸው ነው።"

ከአጥሩ ማዶ ዝም ብሎ የከረመው ጡሩምባ መቻል አቃተው። "ጎረቤት፣ ለቲማቲሞቹ ጢም ወጣባቸው?"

ካውያ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይላጭ ቲማቲሞቹን ይላጫል፤ ጢሙ ሳይታሰብ አደገ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አበቦቹ ከመርገፍ ይልቅ መጨማደድ ጀመሩ። ከተጨማደዱት ሥር እንደ ክብሪት ራስ የምታህል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለች። ከዚያ ረዘመች። ጫፏ ሾለ። ካውያ በጉልበቱ ተንበርክኮ ተመለከታትና ስልኩን አውጥቶ ለአክስት ደወለ።

"ይዟል" አላቸው።

"ምን ያዘህ?"

"እኔን አይደለም፤ ቲማቲሙ ፍሬ ይዟል።"

"እስቲ ይቅላና እናያለን" አሉ አክስት። እሱ ግን ከድምፃቸው መደሰታቸውን አውቋል። በዚያ ቀን አንጀቱ ቅቤ ጠጣ፤ ለሚስቱ ሦስት ጊዜ ተረከላት፤ አራተኛውን ሲጀምር የማሽኗን ፔዳል ጠበቅ አድርጋ ረገጠች።

ደስታው አልሰነበተም። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከተክሎቹ አንዱ ዘመም ብሎ አገኘው። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ነጠብጣብ የለበትም፣ ግን ጥንካሬው ከድቶት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጠምቶት ነው ብሎ አጠጣው። አመሻሹ ላይ ቀና አለ። በማግሥቱ እንደገና ወደቀ፣ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ቀጥሎ ጎኑ ያለው ተከተለ፣ ከዚያ ሌላው። አረንጓዴ ፍሬዎቹን እንዳንጠለጠሉ ነበር የሚሞቱት። ካውያ ምግብ አልበላ አለው። ጓሮው ውስጥ በርጩማ አስቀምጦ ሕመምተኛ እንደሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል።

በዚያው ሳምንት በማዘጋጃ ቤቱ የግብርና ክፍል የምትሠራ ወጣት ባለሙያ ያሰፋችውን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። ሚስቱ ቀሚሱን ስታለካት "እባክሽ ልጄ፣ ባለቤቴ ሐዘን ተቀምጧል፤ ወደ ጓሮ ዘልቀሽ አንድ ነገር በይው" አለቻት። ልጅቷ አዲሱን ቀሚስ እንደለበሰች፣ ጠርዙን በእጇ ሰብስባ ወደ ቲማቲሞቹ ገባች። የሞተውን ተክል ከግንዱ ቆረጠችና ጥርት ያለ ውሃ በብርጭቆ አምጡልኝ አለች። የተቆረጠውን ጫፍ ውሃው ውስጥ ሰቅላ ያዘች። ብዙም ሳይቆይ ከግንዱ እንደ ወተት ክር ያለ ነጭ ነገር እየተመዘዘ ወደ ታች ወረደ።

"አዩት ጋሼ?" አለችው። "አጠውልግ ነው። በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፣ የሚኖረው አፈሩ ውስጥ ነው። በሥሩ ገብቶ ውሃ የሚያልፍበትን ይዘጋዋል። ሞቃትና እርጥብ መሬት ይወዳል።"

"መድኃኒቱስ?"

"ይሄ ነው የምልዎት መድኃኒት የለውም። ዘሩን ያስቀምጡና ሌላ ቦታ ይሞክሩ።"

ካውያ ዘር የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀልቡ ተገፈፈ። በሦስቱ ሙከራዎች ቋጠሮውን አሟጦ ዘርቶታል። ያሉት ፍሬዎች ደግሞ ገና ጥሬ ናቸው፤ ዘራቸው አልበሰለም። ወደ ቤት ገብቶ ለአክስት ደወለ፣ አሁን ግን እንደ ቀድሞው በድፍረት አልነበረም።

"እትዬ፣ እርስዎ ጋ ከዚያ ዘር የቀረ አለ?"

"የለም ልጄ። የነበረኝን ቋጥሬ የሰጠሁህ አንተን ነው። ምነው?"

"እንዲያው ለመጠየቅ ነው" አለና ስልኩን ዘጋ። ከእናት እናት ሲወርድ የመጣ ነገር እኔ እጅ ላይ ሊያልቅ ነው ብሎ አሰበ። ከዚህ በላይ ያሰበውን ለሚስቱም አልነገራትም፤ እሷ ግን ፊቱን አይታ ሻይ አፈላችለትና አጠገቡ ተቀመጠች።

ባለሙያዋ ልብ ያላት ልጅ ነበረች። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ሳትገባ ተመልሳ መጣች። ማታ ስታነብ አንድ ነገር ትዝ ብሏታል። "ይሄ ተባይ የደበርጃንን ሥር እምብዛም አይደፍርም" አለች። "ገና ካልታመሙት ተክሎች በግንዱና በቅርንጫፉ መሀል የሚያቆጠቁጡትን ለጋ ቅርንጫፎች ቆርጠን ደበርጃን ላይ ብንቀጥላቸውስ? እግሩ የደበርጃን፣ ራሱ የቲማቲም ይሆናል። ሌላ አገር እንዲህ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን በእጄ ሠርቼው አላውቅም።"

"ደበርጃን" አለ ካውያ በቀስታ።

"የት ይገኛል?"

ሚስቱ ወደ አጥሩ ተመለከተች። ካውያም ተመለከተ። ከተክል ሁሉ ተመርጦ ያ መሆኑ አናደደው፤ ግን ምርጫ የለውም። ሸሚዙን ቀይሮ፣ ጢሙንም ተላጭቶ ወጣ።

ጡሩምባ በር ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠው። አላቋረጠውም፤ ያም ራሱ ለእሱ ቀላል አልነበረም።

"እንግዲህ" አለ በኋላ፣ "የደበርጃን ችግኝ ሞልቶኛል። የምትፈልገውን ያህል ውሰድ። ግን አንድ ነገር አለኝ።"

"ምን?"

"ማንም አይበላውም ብለሃል። ዛሬ ምሳ እኔ ቤት ትበላለህ።"

ካውያ ገባ። ጡሩምባ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ራሱ ነው የሚያበስለው። ደበርጃኑን በስሱ ከትፎ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጠብሶ፣ ከዳቦ ጋር አቀረበለት፤ ራሱም ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አፍ አፉን ያየው ጀመር። ካውያ የመጀመሪያውን ሳያላምጥ ዋጠ። ሁለተኛውን አላመጠው። ከዚያ ሳህኑን በዳቦ ሲጠርግ ራሱን አገኘው።

"እ?" አለ ጡሩምባ።

"መጥፎ አይደለም።"

ጡሩምባ ሳቁን ለቀቀው፤ የመንገድ ማዶ ሰዎች ሁሉ ሰሙት። ከምሳ በኋላ ችግኞቹን ራሱ በሣጥን ተሸክሞ አመጣቸው።

ባለሙያዋ አመሻሹ ላይ ተመልሳ ሥራው ሲጀመር ካውያ ምላጩን ያዘ። ለጋውን ቅርንጫፍ በአግድሞሽ መቁረጥ፣ የደበርጃኑን ግንድ በዚያው ልክ መቁረጥ፣ ሁለቱን ገጥሞ ማሰር ነው። ሲነገር ቀላል ነው። ካውያ ግን ጣቶቹ ዕድሜ ልካቸውን የጋለ ብረት ሲጨብጡ የደነደኑ ናቸው፤ ክር የምታህለው ግንድ መሀላቸው ስትገባ ቀጭ ትላለች። አንዱን ሰበረ። ሌላውን ጨፈለቀ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ሚስቱ መታገሥ አልቻለችም።

"ወዲያ በል" አለች። መነጽሯን አደረገች፤ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። ምላጩን በበረኪና አጠበችና አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፈች። ቆረጣው የልብስ ቅድ መሰለ። ቅርንጫፉን ከደበርጃኑ አፍ ጋር ገጠመች፤ ከፌስታል የተቆረጠች ቀጭን ሰቅ አዞረችበትና ሳታላላና ሳታጠብቅ ቋጠረችው። ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ ታያለች። ሚስቱ አንዱን ስትጨርስ ሌላው ይቀርብላታል፤ በየመሀሉ ምላጩን ታጥባለች። ለሙሽራ ቀሚስ ዶቃ የምትሰፋ ይመስል ከንፈሯን ነክሳ ነበር የምትሠራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ የካውያ ተራ ሆነ። "እስኪያያዙ ድረስ" ብላለች ባለሙያዋ፣ "ፀሐይ ሳይነካቸው በጤዛ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ከደረቁ ይሞታሉ፣ ውሃ ከቆመባቸውም ይበሰብሳሉ።" ካውያ እዚህ ላይ ምክር አላስፈለገውም። ኮት የሚሸፈንበትን ስስ ላስቲክ በሽቦ ላይ ወጥሮ በኮሪደሩ ጥላ ውስጥ እንደ ድንኳን አቆመላቸው። ለሸሚዝ አንገትጌ ውሃ ይነፋበት የነበረውን መርጫ አውጥቶ ውስጡን እንደ ጉም አደረገው። ላስቲኩ ምን ያህል ሲያልበው መግለጥ፣ ምን ያህል ሲደርቅ መንፋት እንዳለበት በመዳፉ ዳብሶ ያውቃል። ሚስቱ በየሰዓቱ ገልጣ ማየት አማራት።

"አይነካም" አላት።

"የሰፋሁት እኔ አይደለሁም?"

"ሰፍተሽ ጨርሰሻል። አሁን መተኮሻ ቤት ገብቷል።"

ከቅጥሎቹ ጥቂቱ ጠቁረው ሞቱ። የቀሩት ግን አንድ ጠዋት ቀና ብለው ተገኙ፤ በአንዱ አናት ላይ አዲስ ለጋ ቅጠል ተጠቅልሎ ብቅ ብሏል። ካውያ ቅጠሉን ከማየቱ ሚስቱን ጠራት። ሁለቱም በኮሪደሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ፤ እሷም አላነሣችውም።

ጓሮ ውስጥ የቀሩት የቀድሞዎቹ ተክሎች አንድም ሳይቀር ሞቱ። ካውያ ነቅሎ አቃጠላቸው። አዳዲሶቹን ቅጥሎች መጋጠሚያቸው ከአፈሩ በላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ተከላቸው፤ ቲማቲሙ ራሱ አፈሩን ከነካ የራሱን ሥር አውጥቶ ተባዩን ይጋብዘዋልና። ጊዜው ግን ገፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ መመለስ ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ሚስቱ ሣጥኗን ከፍታ ሆቴሉ ሲያድስ የሰጣቸውን ስስ የዳንቴል መጋረጃዎች አወጣች። እርስ በርስ ሰፋቻቸውና ከጓሮው ጫፍ እስከ ጫፍ ወጠሯቸው። ቲማቲሞቹ ከዳንቴል ሥር፣ በተበጣጠሰ ጥላ ውስጥ አደጉ። አጠውልግ በአጠገባቸው አለፈ፣ አልነካቸውም። አንድ ማለዳም ረጅሟ ፍሬ ከጫፏ ጀምሮ መቅላት ጀመረች።

ካውያ የመጀመሪያዎቹን ቀይ ፍሬዎች ለማንም አላስቀመሰም። ዘራቸውን አውጥቶ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈ፤ ብርጭቆውም ሲቦካ ኩሽናውን በሽታ ሞላው። ሚስቱ መስኮት ከፍታ አፍንጫዋን ይዛ ታገሠች። ዘሩ ታጥቦ ሲደርቅ ካውያ ከፋፍሎ ለባለሙያዋ፣ ለሁለቱ ልጆቹና ለጡሩምባ ሰጠ። "አንድ ሰው ዘንድ ብቻ መቀመጥ የለበትም" አለ።

ከዚያ አክስት ተጠሩ። በአውቶቡስ መጡ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ጓሮ ዘለቁና በዳንቴሉ ሥር ቆሙ። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሄዱ፤ የታሰረውን የቅጥል ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱ። ጡሩምባም የተጠራበት ምሳ ሲቀርብ ሚስቱ ስጎውን ሠርታ መኮሮኒ ላይ አድርጋዋለች። ስጎው ገና ምድጃ ላይ ሳለ ወዲያው ነበር የወፈረው፤ እንደተባለውም ማንም ቆሞ አልጠበቀም። አክስት አንድ ሹካ ጎረሱ።

ካውያ አፍ አፋቸውን ያይ ጀመር።

"ይሄ የእናቴ አይደለም" አሉ።

ሹካውን ሁሉም ሰው አስቀመጠ። ጡሩምባ እንኳ።

"የእናቴ ቆዳው ከዚህ ይሳሳ ነበር። ትንሽም ይጣፍጥ ነበር መሰለኝ። ይሄኛው ኮምጠጥ ይላል።" ሌላ ጎረሱ፣ በዝግታ አላመጡ። "ታዲያ እኔስ እዚህ አገር ብኖር ቆዳዬ አይወፍርም? ኮምጠጥስ አልልም?" ሳህናቸውን ወደ ሚስቱ ገፋ አደረጉት። "ጨምሪልኝ፤ ከድስቱ ሥር ያለውን።"

ከበሉ በኋላ ደግሞ ካውያን ወደ ጎን ጠርተው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባበት በረንዳ እንዳለ፣ ባልዲም እንደማይቸግር ነገሩት። ሲመለሱ በጭናቸው ላይ በባልዲ የተተከለ ቲማቲም ታቅፈው ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ከላይ ልጫነው ቢላቸው እምቢ አሉት።

ወሬው ከጡሩምባ አፍ ወጥቶ የት ይቀራል። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ስለ እግሩ ደበርጃን፣ ራሱ ቲማቲም የሆነ ተክል ያወራ ጀመር። ሊያዩ የመጡት ችግኝ ለመኑ፤ ችግኝ የወሰዱት ደግሞ የታመመ ሎሚያቸውን፣ ፍሬ እምቢ ያለ አቮካዶአቸውን ይዘው ተመለሱ። የሚፈልጉት ግን ካውያን አይደለም። የሚፈልጉት ምላጭ የያዘችውን ነው። ሐኪሟ የሚል ስም ወጣላት። ከማሽኗ ጎን ሌላ ጠረጴዛ አስቀመጠች፤ በአንዱ ቀሚስ ትሰፋለች፣ በሌላው ግንድ ትቀጥላለች፤ ባለሙያዋም እሑድ እሑድ እየመጣች አብራት ትሞክራለች።

አሁን ማለዳ ላይ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ካውያን መርጫውን ይዞ በላስቲክ ድንኳኖቹ መሀል ሲንጎራደድ ያገኘዋል። ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት በባልዲ ውስጥ ቅጠሉ የተጨማደደ የማንጎ ችግኝ ይዛ በሩን አንኳኳች። ካውያ ከፈተላትና ችግኙን በትኩረት መረመረው፤ ቅጠሉን ገለበጠ፣ ግንዱን ጫን ጫን አደረገ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

"ይቅርታ ጋሼ" አለች ሴትየዋ በትሕትና፣ "ሐኪሟ የሉም?"

ካውያ አፉን ዘጋ። ባልዲውን ተቀብሎ ወደ በረንዳው ዞረ።

"አንቺ" አለ፣ "ሕመምተኛ መጥቶልሻል።"